ኦቶማቲክ የለመደው ኳርተርባክ

ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሐበሾች እሁድ ከሰዓት ሁለት ቦታ እንከፈላለን። አንዳንዱ «ኳስ ማለት በእግር ነው» ብሎ ሪሞቱን ይደብቃል። ሌላው ልጆቹ የአሜሪካ ፉትቦል ይከፍቱበትና ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ምንም ሳይገባው ያያል። እኔ ለዓመታት ከሁለተኞቹ ነበርኩ።

ያነቃኝ ሮበርት ግሪፊን ነው። በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የዋሽንግተን ክለብ ከቤይለር ዩኒቨርሲቲ ያመጣው ኳርተርባክ፣ ማለትም የቡድኑን ማጥቃት የሚመራው ልጅ። በዓመታዊው የተጫዋቾች ምርጫ፣ በድራፍቱ ማለት ነው፣ ሁለተኛ ሆኖ ነው የተጠራው። ክለቡ ያቺን ሁለተኛ ተራ ለማግኘት የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ዕድሉን አሳልፎ ሰጥቷል። በመጀመሪያ ዓመቱ ልጁ በእግሩ ብቻ 815 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ሮጠ። ሃያ ኳስ ለተችዳውን፣ ለጎል እንደ ማለት ነው፣ ወረወረ፣ ተከላካዮች የጠለፉበት አምስት ብቻ። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። በጥር 2013 ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ2015 አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ዓመቱ አለቀ።

ግሪፊን ከመጣ ከ12 ዓመት በኋላ ያው ክለብ ሌላ ልጅ አመጣ። ጄይደን ዳንኤልስ። እሱም በድራፍቱ ሁለተኛ። እሱም እንደ ግሪፊን የኮሌጁን ትልቁን ሽልማት፣ ሄይዝማንን፣ በልቶ የመጣ። እሱም የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ። የግሪፊንን የጀማሪ ኳርተርባኮች የሩጫ ሪከርድም 891 ያርድ ሮጦ ሰበረው።

ሁለቱም ያደጉት «ስፕሬድ» በሚባለው የኮሌጅ አጨዋወት ነው። ስለዚህ አጨዋወት ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ ኖሯል፦ የስፕሬድ ልጅ በባለሙያዎቹ ሊግ፣ በኤን ኤፍ ኤል ውስጥ ይችላል ወይ? ጥያቄው ሁልጊዜ ወደ ልጁ ብቻ ይወረወራል። እኔ ግማሹ ወደ አሰልጣኙ መሄድ ነበረበት ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ 11 ለ11 ነው። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ከሄደ እንደገና አራት ይሰጠዋል። በእያንዳንዱ ሙከራ ኳሷ ከመሀሉ ሰው፣ ከሴንተሩ፣ ወደ ኳርተርባኩ ትሄዳለች። እሱ ወይ ለሯጭ ይሰጣል፣ ወይ ይወረውራል፣ ወይ ራሱ ይሮጣል። ለመወሰን ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። የሚመጡበት ሰዎች ደግሞ መቶ ሃያና መቶ ሠላሳ ኪሎ ይመዝናሉ።

የድሮው አጨዋወት ሁሉንም ሰው መሀል ላይ ያጭቃል። ጉልበት ያለው ያሸንፋል። ስፕሬድ ተቃራኒው ነው። ሜዳው ወደ ጎን 49 ሜትር ያህል ስፋት አለው። ተጫዋቾችህን እንደ በርበሬ ከዳር እስከ ዳር ብታሰጣቸው፣ ተከላካዩም ሳይወድ በግዱ ተበትኖ ይከተላቸዋል። ያኔ መሀል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ዘዴው የመጣው ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አይደለም። ግዙፍ ተጫዋች ማግኘት ያልቻሉ ትናንሽ ኮሌጆች ናቸው ያሳደጉት። ሃል መሚና ማይክ ሊች አዮዋ ውስጥ፣ አዮዋ ዌዝሊያን በምትባል ትንሽ ትምህርት ቤት፣ በኋላ «ኤር ሬይድ» የተባለውን የመወርወር ስልት አዳበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሪች ሮድሪጌዝ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ በግሌንቪል ስቴት የሩጫውን በኩል አሳመረው።

የሩጫው ዘዴ በጣም ነው የሚገርመኝ። ቀስ ብለን እንየው።

የድሮው ኳርተርባክ ኳሷን ለሯጩ ከሰጠ በኋላ ቆሞ ነው የሚያየው። ስለዚህ በተግባር 10 ሰው ከ11 ጋር ይታገላል። ስፕሬዱ ይህን ሂሳብ አስተካከለ። ከተከላካዮቹ አንዱን፣ ብዙ ጊዜ ዳር የቆመውን ግዙፍ ሰው፣ ሆን ብለው ማንም ሳይነካው ይተዉታል። ኳርተርባኩ ኳሷን የሯጩ ሆድ ላይ ያደርጋል፣ ግን አይለቃትም። ዓይኑ እዚያ ሰውዬ ላይ ነው። ሰውዬው ሯጩን ሊይዝ ዘሎ ከገባ፣ ኳሷን መልሶ ይስባትና ሰውዬው ጥሎት በሄደው ቦታ ራሱ ይሮጣል። ሰውዬው ቦታውን ይዞ ከቆመ ደግሞ ኳሷን ለሯጩ ይለቃል። ሰውዬው የቱንም ቢመርጥ ተሳስቷል። ማንም ሳይነካው ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ኳርተርባኩ የሚያነበው አንድ ሰው ነው። አንድ ብቻ። ብዙዎቹ የኮሌጅ ስፕሬድ ውርወራዎችም እንደዚሁ ናቸው፦ አንዱን ተከላካይ እይ፣ ወደፊት ከመጣ ከጀርባው ወርውር፣ ከቀረ ከፊቱ ወርውር። ይህ ስንፍና አይደለም። የኮሌጅ ልጅ ተማሪ ነው። በሕጉ መሠረት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ልምምድ አይፈቀድለትም። በዚያች ሰዓት ጥቂት ነገር ደጋግሞ መሥራት ነው የሚያዋጣው።

እኔ ነገሩን በመኪና ነው የማስበው። አሜሪካ ያደገ ልጅ ኦቶማቲክ ነድቶ መንጃ ፈቃድ ያወጣል። መንዳት ይችላል፣ ሀይዌይ ላይ ከእኛ ይበልጣል። ግን አዲስ አበባ ወስዳችሁ ማኑዋል ሚኒባስ ላይ፣ ያውም ዳገት ላይ ብታስቀምጡት፣ መኪናው እየተንገጫገጨ ይጠፋበታል። ይሄ ልጅ መንዳት አይችልም ትላላችሁ? የለመደው መኪና ሌላ ነው።

የስፕሬድ ልጅ ኤን ኤፍ ኤል ሲገባ ሊለምዳቸው ከሚገቡ ማርሾች የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። ብዙ የኮሌጅ ቡድኖች ለዓመታት ተሰብስበው አይመካከሩም ነበር። አሰልጣኙ ከሜዳው ዳር ሥዕልና ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ያስነሳ ነበር፣ ሁሉም ዞር ብሎ አይቶ ወደ ሥራው ይገባ ነበር። ካም ኒውተን በ2011 ከኦበርን ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ የቀድሞው አሰልጣኝ ጆን ግሩደን ቴሌቪዥን ላይ አስቀምጦ አንድ የኮሌጅ ጨዋታህን በስሙ ጥራልኝ አለው። ልጁ ረጅም ስም አልነበረውም። ሰሌዳው ላይ 36 የሚል ካየን ያ ነው ጨዋታው፣ አይነት መልስ ሰጠ። በጊዜው ብዙ ሰው ሳቀበት። ያው ልጅ በመጀመሪያ የኤን ኤፍ ኤል ጨዋታው 422 ያርድ ወረወረ፣ በ2015 የሊጉ ኮከብ ተባለ። የሳቁት ሰዎች የት እንደገቡ አላውቅም።

ኤን ኤፍ ኤል ውስጥ ግን ጨዋታው ስም አለው፣ ስሙም አረፍተ ነገር ነው። ከአጭሮቹ አንዱ «ስፓይደር ቱ ዋይ ባናና» ይባላል። «ስፓይደር ቱ» ለግዙፎቹ ሰዎች ኳርተርባኩን እንዴት እንደሚከልሉት የሚነግር ነው። «ዋይ» አንድ ተጫዋች ነው። «ባናና» ደግሞ የሚሮጥበት መንገድ፣ እንደ ሙዝ ወደ ውጭ የታጠፈ። ይህ አጭሩ ነው። ረጅሞቹ የእያንዳንዱን ሰው ቦታ፣ እንቅስቃሴ፣ ጥበቃና ሩጫ ይዘው ይመጣሉ፣ አንዳንዴም «ካልሆነ ደግሞ ወደዚህኛው ቀይር» የሚል ሁለተኛ ጨዋታ ይቀጠልላቸዋል። ልጁ ይህን በሄልሜቱ ውስጥ ባለችው ሬዲዮ አንዴ ይሰማል። ከዚያ ለአሥሩ ጓደኞቹ ሳይንተባተብ መድገም አለበት። ጾመ ድጓ ተማሪ ቤት የቆየ ሰው ይሻለው ነበር።

ሬዲዮዋም ጣጣ አላት። በሙከራዎች መካከል 40 ሰከንድ ይቆጠራል። ሰዓቱ 15 ላይ ሲደርስ ሬዲዮዋ ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ ልጁ ብቻውን ነው።

ይህቺ 15 ሰከንድ የጃሬድ ጎፍን ታሪክ ትነግረናለች። ጎፍ ካሊፎርኒያ በርክሊ ውስጥ ኤር ሬይድ ተጫውቶ በ2016 በድራፍቱ አንደኛ ሆነ። ራምስ የሚባለው የሎስ አንጀለስ ክለብ ወሰደው። በመጀመሪያው ዓመት ሰባት ጨዋታ ጀመረ፣ ሰባቱንም ተሸነፈ። «አይሆንም» ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ሾን ማክቬይ የሚባል ገና 31 ዓመት ያልሞላው አሰልጣኝ መጣ። ማክቬይ ቡድኑን ቶሎ ቶሎ መስመር ላይ ያሰልፋል። ሬዲዮዋ ገና ክፍት ናት። ተከላካዮቹ እንዴት እንደቆሙ ራሱ ያያል፣ ለጎፍ በጆሮው ይነግረዋል። ጎፍ አንበሳ ሆነ፣ ራምስ የየካቲት 2019 ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ላይ ደረሱ።

እዚያ የጠበቃቸው የኒው ኢንግላንድ አሰልጣኝ ቢል ቤሊቺክ ነው። ብዙ ተንታኞች እንደተነተኑት፣ የኒው ኢንግላንድ ተከላካዮች መጀመሪያ አንድ አቋም ያሳያሉ። ሬዲዮዋ ስትዘጋ ይቀይሩታል። ጎፍ በጆሮው የተነገረው ነገር ፊቱ ላይ የለም። ራምስ ያን ቀን ያገኙት ነጥብ ሦስት ነው። ሦስት ብቻ! አሰልጣኝ ማርሹን ከጎንህ ተቀምጦ ቢቀይርልህ መኪናው ይሄዳል፣ ግን አንድ ቀን ከመኪናው ይወርዳል።

ተከላካዮቹ እንዴት ነው የሚያታልሉት? ይህን ያስረዳኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሃይስኩል ቡድን ውስጥ ይጫወታል። አንድ እሁድ ቤታቸው ቁጭ ብለን ቴሌቪዥኑን አቆመውና «አጎቴ፣ ኋላ የቆሙትን ቁጠራቸው» አለኝ።

«ሁለት» አልኩ።

«ሁለት ከሆኑ ምን ማለት ነው?»

እንዴት ልወቅ። እሱ ነገረኝ፦ ሁለት ሰው ኋላ ካለ ረጅም ውርወራ ተዘግቷል፣ መሀሉ ግን ሳሳ ይላል። ቴሌቪዥኑን ለቀቀው። ኳሷ በተነሳች ቅጽበት ከሁለቱ አንዱ ወደፊት እየበረረ መጣ፣ ሌላው ወደ መሀል ተንሸራተተ። «አሁንስ?» አለኝ። አንድ ሆኗል። ሳሳ ያልኩት መሀል ሰው ሞልቶበታል። ኳርተርባኩ ግን እንደ እኔ ሁለት ቆጥሮ ነበርና እዚያው ወረወረ። ተጠለፈች።

የኮሌጅ ተከላካይም ይሄን ይሞክራል። ግን እሱም ተማሪ ነው፣ እሱም 20 ሰዓት ነው ያለው። ኤን ኤፍ ኤል ውስጥ ያሉት ይህ የዕለት ሥራቸው ነው። ደግሞ ፈጣን ናቸው። ኮሌጅ ውስጥ ነጻ የሚባል ሰው ዙሪያው ሦስት ሜትር ባዶ ነው። እዚህ ነጻ ማለት አንድ ክንድ ነው። የስፕሬድ ልጅ ጓደኛው ነጻ መሆኑን አይቶ መወርወር ለምዷል። እዚህ አይቶ ከወረወረ አርፍዷል። ገና ሳይዞር ነው መወርወር ያለበት።

ሕጉና ሜዳውም ይለያያሉ፣ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሜዳው ላይ ኳስ የሚቀመጥባቸው ሁለት የነጠብጣብ መስመሮች አሉ። ኮሌጅ ውስጥ በመካከላቸው 40 ጫማ አለ፣ ኤን ኤፍ ኤል ውስጥ 18 ጫማ ተኩል። ስለዚህ ኮሌጅ ውስጥ ኳሷ አንድ መስመር ላይ ስትቀመጥ በሰፊው በኩል 30 ሜትር ያህል ክፍት ሜዳ ይቀራል። ኤን ኤፍ ኤል ውስጥ ያው ሰፊው በኩል ወደ 27 ሜትር ይወርዳል፣ ሁሉም ነገር መሀል ላይ ነው። በርበሬው የሚሰጣበት ግቢ ጠበበ። ሌላም አለ። ኳስ ከመወርወሯ በፊት ግዙፎቹ ሰዎች ኮሌጅ ውስጥ ሦስት ያርድ ወደፊት ቢሄዱ ይፈቀዳል፣ እዚህ አንድ ያርድ ነው። ሩጫ አስመስሎ መወርወር ኮሌጅ ውስጥ የቀለለው በዚህም ምክንያት ነው።

እግርን ሳልነካ አላልፍም። ስፕሬድ ውስጥ ኳርተርባኩ ከሴንተሩ አምስት ያርድ ያህል ርቆ ቆሞ ኳሷን በአየር ይቀበላል። ሜዳው ሁሉ ከፊቱ ነው። የድሮው መንገድ ከሴንተሩ ጀርባ ተጠግቶ፣ ኳሷን በእጁ ተቀብሎ፣ ሦስት ወይ አምስት ወይ ሰባት እርምጃ ወደኋላ መሄድ ነው። ለሯጭ የሚሰጥ ለመምሰል ደግሞ ለተከላካዮቹ ጀርባውን ያዞራል። ዞሮ ሲመለስ ዓለም ተቀይራ ይጠብቀዋል። ይህን በሃያ ሁለት ዓመቱ አንድ ብሎ የሚጀምር ልጅ ዳንስ እንደሚማር ሰው እግሩን እየቆጠረ ነው የሚጫወተው፣ እግሩን የሚቆጥር ሰው ደግሞ ተከላካይ አይቆጥርም።

አሌክስ ስሚዝን አንስተን እንጨርስ፣ ምክንያቱም የዚህ ታሪክ ገመድ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። በ2004 ስሚዝ ከአሰልጣኝ አርበን ማየር ጋር ዩታ ዩኒቨርሲቲን 12 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ዓመቱን አስጨረሰ። ስፕሬድ ነው። በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ በአንደኛ ተራ ወሰደው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ተችዳውን ወረወረ፣ 11 ተጠለፈበት። ነገሩ ሁሉ ተገላበጠበት፦ የቆመበት ቦታ፣ ቋንቋው፣ እግሩ። ማርሹን ሲለምድ ደግሞ መኪናውን ይቀይሩበታል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አምስት የተለያዩ የማጥቃት አሰልጣኞች ተፈራርቀውበታል። አምስት መዝገበ ቃላት ማለት ነው። በ2011 የተረጋጋ አሰልጣኝ ሲያገኝ ቡድኑ ከ16 ጨዋታ 13 አሸነፈ። ችግሩ የቱ ጋ እንደነበር እናንተው ፍረዱ።

ስሚዝ በኋላ ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄደ። በ2017 ካንሳስ ሲቲ ከቴክሳስ ቴክ አንድ ልጅ መረጠ፣ ፓትሪክ ማሆምስ። ማሆምስ የለየለት ኤር ሬይድ ነው። በ2016 ኮሌጅ ውስጥ በአንድ ጨዋታ 734 ያርድ ወርውሮ 66 ለ59 ተሸንፏል፣ ውጤቱ የቅርጫት ኳስ ይመስላል። «የኮሌጅ ቁጥር ነው፣ አትመኑት» ያለው ብዙ ነው። አሰልጣኝ አንዲ ሪድ አልቸኮለም። ልጁን አንድ ዓመት ከስሚዝ ጀርባ አስቀመጠው። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያስጀመረው። በዚያ ዓመት ማሆምስ ባለሙያ ሰው ሳምንቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ ከስሚዝ አየ፣ ራሱም ደጋግሞ ያመሰገነበት ነገር ነው። ስሚዝ ማንም ያላሳየውን ነገር ቦታውን ለሚወስድበት ልጅ አሳየ። እኔ ብሆን እንጃ።

በ2018 ማሆምስ 50 ተችዳውን ወርውሮ የሊጉ ኮከብ ሆነ። ኋላ ላይ ሲናገር ተከላካይ ማንበብ የገባኝ የሚቀጥለው ዓመት፣ 2019፣ ከተጋመሰ በኋላ ነው አለ። ኮከብ የሆነበትን ዓመት ሙሉ ሳያነብ ነው እንግዲህ ያቃጠላቸው! ይህ የሆነው ሪድ ልጁ የሚያውቀውን የኮሌጅ ጨዋታ ከራሱ ደብተር ጋር ስላደባለቀለት ነው። ማርሹን እስኪለምድ ኦቶማቲኩን ሰጠው።

ዛሬ ሊጉ በሙሉ ወደዚያ ሄዷል። አብዛኛው ሙከራ ኳርተርባኩ ርቆ ቆሞ ነው የሚጀመረው፣ ሩጫ አስመስሎ መወርወርም የዘወትር ነገር ሆኗል። ግሪፊንም እኮ በ2012 የቤይለር ጨዋታዎች ተበድረውለት ነው የበራው። አሰልጣኞቹ ጎንበስ ብለውለታል። ያልተሳካው ሌላ ነው። ውርወራውን ያቀለለለት ሩጫው ነበር። ተከላካዩ እግሩን ፈርቶ ሲቆም ነው ከጀርባው የሚወረውረው። ጉልበቱ ሲሄድ የቀረው ቆሞ ማንበብ ነው፣ እሱን ደግሞ ለመማር ጊዜ አላገኘም። ለእኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው።

ዳንኤልስ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ኮሌጅ አምስት ዓመት ቆይቷል፣ ሦስቱን አሪዞና ስቴት፣ ሁለቱን ሉዊዚያና ስቴት፣ በአጭሩ ኤል ኤስ ዩ። ሲመጣ ልጅ አልነበረም። ኤል ኤስ ዩ እያለ ጀምሮ በቨርችዋል ሪያሊቲ መነጽር ይለማመዳል፣ ተከላካዮቹን ከእውነተኛው ጨዋታ በሚፈጥን ፍጥነት እያስመጣ። እሁድ ሲደርስ እውነተኞቹ ቀስ ብለው የሚመጡ ይመስሉታል። ሁለተኛ፣ የማጥቃት አሰልጣኝ ሆኖ የጠበቀው ክሊፍ ኪንግስበሪ ነው። ኪንግስበሪ ቴክሳስ ቴክ ውስጥ በማይክ ሊች ሥር ኳርተርባክ የነበረ፣ ኋላም እዚያው ማሆምስን ያሰለጠነ ሰው ነው። አዮዋ ውስጥ የተጀመረው ነገር ዞሮ ዞሮ የዋሽንግተን ክለብ የሚጫወትበት ላንዶቨር ሜሪላንድ ደረሰ።

በጥር 2025 ዋሽንግተን ለጥሎ ማለፍ ዲትሮይት ሄደ። የዲትሮይት ኳርተርባክ ማን ነው? ያ ጎፍ። ያለ ማክቬይ፣ በራሱ ማርሽ የሚነዳ፣ ዘጠነኛ ዓመቱ ላይ ያለ ጎፍ። ሁሉም እሱ ያሸንፋል ብሎ ነበር። ያን ማታ ሦስት ኳስ ተጠለፈበት። ጀማሪው ዳንኤልስ 299 ያርድ ወረወረ፣ አንድም አልተጠለፈበትም። 45 ለ31።

የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ወጥቶ ሲጮህ እኔም አብሬው ቆሜያለሁ። «አንድ ነው ኋላ ያለው! አንድ ነው!» እያልኩ። እህቴ ከኩሽና ሮጣ መጥታ «ምን ሆናችሁ? ማን ነው አንድ?» አለች።